ባለቤቱ ያልታወቀ ፋኖስ

የባቡሩ ፉጨት ቀድሞ ተሰማ፤ ባቡሩ ገና ከጭጋጉ አልወጣም። የባቡር ሠራተኛው አቶ ገብረሕይወት ተስፋይ ፋኖሳቸውን እያወዛወዙ ምልክት ሲሰጡ ጎረቤት ሮጦ ደርሶ «ወንድ ነው!» አላቸው። አቶ ፍሰሃ ገብረሕይወት ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍረወይኒ ሐጎስ ኅዳር 6 ቀን 1944 ዓ.ም. ለገሃር የተወለዱት እንዲህ ነው።

እዚያው አካባቢ ተምረው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ፣ በ1964 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በአርባ ዓመት አገልግሎታቸው አንድ ወረቀት ጠፋባቸው ሲባል አልተሰማም። በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማዕዛ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካዛንቺስ ኖሩ፤ ልጃቸውን ዳናይትንም አፈሩ።

በ1985 ዓ.ም.፣ አባታቸው ባረፉ በዓመቱ፣ ለዓውደ ርዕይ የድሮ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ቤታቸው መጡ። አቶ ፍሰሃ ፋኖሱን በደስታ አውጥተው ሰጡ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጉዳይ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው፣ የአባታቸውን ስም ሳይጽፉበት፣ መረከቢያ ወረቀት እንኳ ሳይቀበሉ። ፋኖሱ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የዓመት ፈቃዳቸው በቃ የክፍለ ሀገር ሙዚየም ሆነ። መቀሌ፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ኮንሶ። ወይዘሮ ማዕዛ «የሰው ባል ሶደሬ ይሄዳል፣ የኔው አቧራ ሊያይ ይሄዳል» እያሉ ስንቅ ይቋጥሩላቸው ነበር። እኔ፣ የእህታቸው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ፋኖስ ፍለጋ ገብተው ባለ ዶቃ ቀሚስ ፊት ይቆማሉ። ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ሲንሳፈፍ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄን ማን ለብሳው ሠርግ ሄዳ ይሆን?» ይሉኛል። መልስ አይጠብቁም።

በ2003 ዓ.ም. በምሥራቅ በኩል በምትገኝ አንዲት ከተማ ፋኖሱን አገኙት። አባታቸው በእጀታው ላይ የጠመጠሙት የመዳብ ሽቦ አልተነካም። ካርዱ ግን «ፋኖስ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል። የሙዚየሙ ሠራተኛ ወይዘሮ አዚዛ «አባቴ፣ ማስረጃ አለዎት?» አሏቸው። አልነበራቸውም። ፋኖሱ ይመለስልኝ አላሉም፤ የአባታቸው ስም እንዲጻፍበት ብቻ ለመኑ። ከዚያም በጎብኚዎች መዝገብ ላይ «ይህ ፋኖስ የአባቴ የገብረሕይወት ተስፋይ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በየዓመቱ እየተመለሱ ይህንኑ ቃል ሰባት ጊዜ ጻፉ።

አቶ ፍሰሃ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ማንንም ስም አልባ የማያስቀር አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ገነት ያስገባልን።

አንድ ነገር ልጨምር። አምና ለስምንተኛ ጊዜ ወደዚያው ሙዚየም ስንሄድ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ካርዱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ተቀይሮ አገኘሁት። «የአቶ ገብረሕይወት ተስፋይ ፋኖስ፤ ለገሃር። ከልጃቸው ከአቶ ፍሰሃ የተሰጠ» ብዬ አነበብኩ።

ወይዘሮ አዚዛ ከኋላችን «ሰባት ዓመት አንድ ቃል የጻፈ ሰው አይዋሽም ብዬ መዝገቡን ለአለቆቼ አሳየሁ» አሉ።

ጋሼ ፍሰሃ ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። ወይዘሮ አዚዛ የጎብኚዎቹን መዝገብ ገልጠው ብዕር አቀበሏቸው። ጋሼ ፍሰሃ ግን ብዕሩን መልሰው መዝገቡ ላይ አስቀመጡት፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።