የወንጌል «ሃይ ዲር»

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ እሱባለው፤ በጌታ ፍቅር እንደምን ሰነበትክ? መርዶ ይዣለሁና ተቀምጠህ አንብብ፦ እህታችን ወንጌል እንግሊዝኛ ጀመረች!

ናይሮቢ ካለው እጮኛዋ ጋር ልትጫወትበት ነው። እዚህ ጁባ፣ ሁለታችን በምናድርበት የጉዴሌ ሰፈሩ ሱቅ እኔን በሱ ቦታ አቁማ ትለማመዳለች። «ሃይ ዲር፣ ሚስ ዩ» እያለች አፏን ስታሞጠሙጥ ቁርሴ ጉሮሮዬ ድረስ ይመለሳል። ቱ! በሞተር ሰው የሚያመላልሰውን ቦዳ ነጂ ሳይቀር «ስዊት» አለችው። «ዲር፣ መጀመሪያ ጥርስሽን ፋቂ» ስላት በመጥረጊያ ታባርረኛለች።

ትናንት፣ «‹ይሄ ወንድሜ ነው› የምትለዋንም እናጥና እንጂ» አልኳት።

«እሷን ተዋት፣ አታስፈልገኝም» አለችኝ።

ለመሆኑ ስታገባ የምትሄድበት የሰውየው ቤት ስንት ክፍል ነው? አንተን ስለሚያከብርህ ጠይቅልኝ። እንዲያው ለወሬ ነው። መርዶ ያልኩህም ቀላል ነገር ነው፤ አትደንግጥ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጠህ ሳምልኝ፤ ጌታ ደጅህን ይጠብቅ።

ታናሽህ ኤልሮኢ፣ ከጁባ