ያደልነው አልጋ

ይድረስ ለእህቴ ለዴልፊን፣ ከወንድምሽ ከኦርቪል።

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃውን ለብቻሽ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ልጅሽ ክላይቭ ይደግፍሻል? እሱስ ደህና ነው? ሚስቱ ማርቫስ? ያ ጥርስ ያበቅል የነበረው የልጅ ልጅሽስ ዳዴ አለ? እዚያ ሚኒያፖሊስ ብርዱ ቶሎ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደረትሽን ሸፍኚ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ከጥርስ በቀር የጎደለኝ የለም። ፈረሱም አለ፤ እሱም እንደኔ አርጅቶ አጥር ተደግፎ ይውላል።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነውና ፊደሌን አይተሽ እንዳትስቂ። በእርሳስ የጻፍኩት ለመሰረዝ እንዲመቸኝ ነው። ያልደወልኩልሽ ራሴን ስለማውቀው ነው፤ ድምፅሽን ስሰማ እንደገና እቆጣና እንደ ሰኔው ስልኩን እዘጋብሻለሁ። ደብዳቤ ከሆነ ግን አንዴ ፖስታ ቤት ከሰጠሁት ወዲያ መመለሻ የለኝም። የምጽፍልሽ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ዳርላ ነው። ልጄን ሊወስዷት ነው እህቴ። ለዘለዓለም ሊወስዷት ነው።

ያኔ በንዴት ስለነበርኩ በቅጡ አልነገርኩሽም፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጄ ሬና ዳርላን በሁለት ዓመቷ እኔና ሚስቴ ሎሬታ ዘንድ ትታት ሄደች፤ ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ ያለችበትን አናውቅም። ወረቀት የሚባል ነገር አልተጻፈም። አያት የልጅ ልጁን ለማሳደግ ማንን ያስፈቅዳል? እኔን ያሳደገችኝ አያታችን ናት፤ ማንም ማኅተም አምጪ አላላትም።

ሎሬታ በሞተች በዓመቷ፣ በሚያዝያ፣ የላኮታ ወጋችንን አደረስን። አንቺ በጉልበትሽ ምክንያት ባትመጪም ድርሻሽን በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ሎሬታ በእጇ የሰፋችውን ባለ ኮከብ ብርድ ልብስ። መንደሩን ሁሉ አበላን። ከዚያ በስሟ ያለንን አደልን፤ አልጋዎቹን፣ ጠረጴዛውን፣ ድስቱን፣ መጋረጃው እንኳ አልቀረም። ሰው ሲወጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ያስተጋባ ነበር። ዳርላ ከግድግዳ ግድግዳ እየሮጠች ስትጮህ የራሷ ድምፅ ሲመለስላት ትስቃለች። እኔም ሎሬታን ከቀበርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። ቤት ቀስ እያለ መልሶ ይሞላል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። እስከዚያ አንዲት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን ተኛን።

በአራተኛው ቀን የልጆች ጉዳይ ሠራተኛዋ መጣች። ዳርላ ለዝግጅቱ ስትል ከትምህርት ቤት ስለቀረች ነው ስልክ የተደወለላቸው። ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት፤ ከሬና ታንሳለች። ዞር ዞር ብላ አየችና ልጅቷ የት ነው የምትተኛው አለችኝ። ፍራሹን በአገጬ አሳየኋት። ጠረጴዛ የላችሁም ወይ አለች። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ዝም አልኩ። የማናውቀውን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ለእኛ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሷ ግን “አዛውንቱ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደሉም” ብላ ጽፋለች፤ ኋላ የነገዳችን ጠበቃ አነበበችልኝ። ጓዳዬን ስትከፍት ግን አላስቻለኝም። “የኔ እመቤት፣ የሰው ጓዳ የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። በሩ ያውልሽ!” አልኳት።

አንድ ቃል ብናገር ኖሮ! የሚስቴ ሙት ዓመት ነበር፣ ንብረታችንን በስሟ ሰጥተን ነው ብላት ምን እሆን ነበር? ለአንዲት ፍሬ ልጅ በገዛ ቤቴ ቆሜ ሚስቴን እንዴት እንዳለቀስኳት ላስረዳ ወይ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ ጋር ተመልሳ መጥታ ወሰደቻት። ዳርላ አልጮኸችም። አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም፤ ያኛው ጫማ እስከ ትናንት በሩ ሥር ነበር።

ቤቱን በሠላሳ ቀን ካሟላህ ትመለሳለች አሉኝ። የሚቀጥለውን በስልክ ደብቄሽ ነበር። የሎሬታ ወንድም ዌስሊ ወሬውን ሲሰማ አልጋውንና ጠረጴዛውን ፒካፑ ላይ ጭኖ ከች አለ። ሚስቱ ኢኒድ ድስቶቹን አቅፋለች። “አንተ ግትር በቅሎ፣ ዞር በል ከበሩ!” አለኝ። በእህትህ ስም የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም አልኩት። “መልሰህ ውሰድ ማን አለህ? ጠረጴዛው እኔ ቤት አልተመቸውም፣ በእግሩ መጣ በላቸው። አራት እግር አለው እኮ፣ ካንተ ይሻላል!” አለ። እሱና እኔ ተሳድበን እንጂ ተነጋግረን እንደማናውቅ ታውቂያለሽ፤ በእኛ ወግ ከሚስት ወንድም ጋር ደንቡ እንዲያ ነው። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ኢኒድም “ጋሼ ኦርቪል፣ ለአንድ ቀን ብቻ! ልጅቷ አይታ እስክትሄድ!” ብላ ለመነችኝ። ሎሬታን ከሄደችበት መንገድ ልጠራት ነው ወይ ብዬ ሁለቱንም ከነጭነታቸው መለስኳቸው።

በሠላሳኛው ቀን ሠራተኛዋ መጥታ ያገኘችው አንዲት ታጣፊ አልጋና ሁለት ሳህን ነው። አይታ፣ ፈርማ ሄደች። አየሽ እህቴ፣ መጀመሪያ በዝምታዬ፣ ቀጥሎ በግትርነቴ፣ ልጄንም እንደ አልጋው አደልኳት።

ዳርላን እንዲያሳድጉ የተሰጣቸው ሰዎች ያሉት ከተማ ነው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል። ሰዎቹ ክፉ በሆኑ ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ፈልጌ ግን ክፋት አጣሁባቸው። የራሷ ክፍል አላት፣ ውሻ አላት። በየሁለት ሳምንቱ ቢሮ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አያታለሁ፤ አንዲት ሴት ጥግ ተቀምጣ የምንለውን ትጽፋለች። በሐምሌ ስሄድ ፀጉሯን ከጆሮዋ በላይ ቆርጠውታል። ሞቆ ስለነበር ነው አሉ። ልጄ እጄን ስባ ዝቅ አደረገችኝና በጆሮዬ “አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?” አለችኝ። የላኮታ ልጅ ፀጉሩ የሚቆረጠው ሰው ሲሞትበት እንደሆነ በአያቷ ቀብር አይታለች። ለካ ያን ሁሉ ቀን መርዶውን የሚነግራት ስትጠብቅ ኖራለች። ማንም አልሞተም፣ እኔም አለሁ አልኳት። ጥግ ያለችው ሴት “ከልጅቷ ጋር ስለ ሞት አወሩ” ብላ ጻፈች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰዓታችን ሲያልቅ ቀጥ ብላ ቆመችና እጇን ዘረጋችልኝ። “ስለመጡ አመሰግናለሁ” አለችኝ። እኔን፣ አንተ የምትለኝን! ምን ላድርግ፣ ጨበጥኳት።

የመንግሥት ሰዎች አንቺን በስድስት ዓመትሽ መኪና ውስጥ አስገብተው ባዕድ ቤት እንድታድጊ ሲወስዱሽ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ስትመለሺ እናታችንን እንደ እንግዳ ጨበጥሻት። እናታችን ያን እጇን ቀኑን ሙሉ ስታየው ዋለች። ይህን የማነሳው ላሳዝንሽ አይደለም። ከአንቺ በቀር ማን ይገባዋል ብዬ ነው።

ሐሙስ ኦክቶበር 23 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ይወስናል። ሰዎቹ ልጃችን ትሁን ብለው ጠይቀዋል፤ ከተፈቀደላቸው ስሟም በስማቸው ይለወጣል። የነገዳችን ጠበቃ ሕጉ ዘመድ ይቀድማል ይላል አለችኝ። ግን ዘመዱ የተዘጋጀ ቤት ኖሮት፣ በአካል ቀርቦ እወስዳታለሁ ማለት አለበት። በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፈውብኛል። አንቺ ትርፍ ክፍል አለሽ። በሰኔ እኔ ልውሰዳት ስትይኝ፣ አንቺንም እነሱ ናቸው ያሳደጉሽ፣ ባንቺና በነሱ መካከል ልዩነት የለም ብዬ ዘጋሁብሽ። ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

ነይልኝ። እለምንሻለሁ። ይህችን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት። ለእኔ አስመልሺልኝ አላልኩም፤ ላንቺ ውሰጃት። ሚኒያፖሊስ ሩቅ ነው፣ በዓመት አንዴ ባያት ነው። ይሁን። ማን እንደሆነች የሚነግራት ሰው አጠገቧ ይኑር። ዌስሊ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል።

ባለ ኮከቡን ብርድ ልብስም ይዘሽው ነይ። ያንቺ ነው፣ ለእኔ መልሺልኝ አልልም። ባንቺ ንብረት የምታደርጊውን ግን ማንም አይከለክልሽም። ልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጊላት፤ ሎሬታ ስትሰፋው ጭኗ ላይ ተኝታበታለች፣ ታውቀዋለች።

ካልቻልሽም ብቻዬን እቆማለሁ፤ አሁን የዳኛውን ዓይን እያየሁ ሁሉንም እናገራለሁ። ትናንት ዌስሊ ቤት ሄጄ አልጋውን መልስልኝ አልኩት። ሎሬታ ይቅር ትበለኝ። ዌስሊ አልቀለደብኝም። አንሥቶ ጫነልኝ። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የገባኝ። ጠበቃዋ አልጋው ዘግይቷል ብላኛለች። ቢሆንም ቆሟል፤ ጫማዋንም ሥሩ አስቀምጫለሁ።

ለክላይቭ፣ አጎትህ ይወድሃል በይልኝ፤ በልጅነቱ ከፈረስ ላይ ወድቆ እንዳላለቀሰ እስካሁን አወራለታለሁ። ለማርቫ፣ የላከችልኝን ሹራብ አሁን ለብሼዋለሁ፣ እጁ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ያሞቃል። ሕፃኑን በስሜ ጉንጩን ሳሚልኝ። ዌስሊና ኢኒድ ሰላም ብለውሻል፤ ዌስሊ ስድብ ጨምር ብሎኝ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ዳርላን ስታገኚያት ደግሞ አንድ ነገር አደራ። እጇን ብትዘረጋልሽ አትጨብጫት፤ እቀፊያት።

ወንድምሽ ኦርቪል
ሁለት ዛፍ ጅረት፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2014