«ይቀጥል» ተብሎ ስለቆመው ግንባችን

ለክቡር አቶ ዱጋልድ ኢምሪ፣
የቀድሞው የመንደራችን ተመራጭ፣ የቀድሞው የወደብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቀድሞው የምክር ቤታችን መሪ፣ የአሁኑ የስኮትላንድ ፓርላማ አባልና የባሕር ዳርቻ ጉዳዮች ሚኒስትር፣
ኤድንብራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባለቤትዎን ጤና እጠይቃለሁ። በዚያ በደረቁ አገር እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በፖርት ኤሪ የባሕር ረድፍ በሚባለው የቤቶች ተርታ የቀረነው አራት ቤተሰቦች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አለን። «እስከ ዛሬ ጠዋት» ማለቴ ጽሑፌን ለማሳመር አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስለማላውቅ ነው።

እኔ ኢሽቤል ካዊ ነኝ፤ በዓሣ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ስሰነጥቅ የኖርኩ፣ አሁን በቤት ቁጥር ሁለት ከወንድሜ ከዋቲ ጋር የምኖር። እኔን ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ዋቲን ግን አይረሱትም፤ መጀመሪያ ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ስምዎን በጀልባው ጎን ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ወደብ ለወደብ የዞረልዎ እሱ ነው። ግማሽ አካሉ ከከዳው ሦስት ዓመት ሆነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ምድር ቤት፣ በባሕሩ በኩል ባለው ክፍል ይተኛል። ከአልጋው ባሕሩን እስከሚገድብልን ግንብ ስድስት እርምጃ ነው፤ ለክቻለሁ።

ለረጅም አገልግሎትዎ ያለብኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከዚያ ክፉ ማዕበል በኋላ፣ ግንባችን ላይ አንድ ስንጥቅ ታየ። እርስዎ ጣቶችዎን አስገብተውበት በጋዜጠኛ ፊት «ይህ ስንጥቅ ሳይደፈን እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ፤ በዚያ ስንጥቅም ተመረጡ። ዛሬ እኔ በዚያው ስንጥቅ እጄን እስከ ክርኔ አስገባለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ያለ እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለምና፣ እባክዎ ሐኪም ያማክሩ።

2ኛ. የወደብ ኮሚቴውን ከሰበሰቡበት ዘመን ጀምሮ መሐንዲስ በመሐንዲስ ላይ ስለላኩልን እናመሰግናለን። በጠቅላላው አምስት መጥተው ለኩ። የመጨረሻዋ፣ ዋቲ ከታመመ በኋላ የመጣችው፣ አንዲት ትሑት ወጣት ነበረች፤ ግንቡን በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋችበት። ቀና ስትል መስኮታችንን አይታ «እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። የቀዳሁላትን ሻይ ሳትጨርስ ሄደች። እስከዚያ ቀን ድረስ የነበረኝ ንዴት ብቻ ነው፤ ፍርሃት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

3ኛ. የምክር ቤቱ መሪ ሆነው ያንን የሹመት የወርቅ ሐብል አንገትዎ ላይ ካጠለቁ በኋላ የግንባችን ጉዳይ ለውሳኔ ቀረበ። እኔና ጎረቤቴ ኤልስፔት ለሕዝብ በተፈቀደው ወንበር ተቀምጠን ነበር። እርስዎ ብድግ ብለው «የባሕር ረድፍ ግንብ ጉዳይ ይቀጥል» አሉ፤ እጅ ወጣ፣ በሙሉ ድምፅም አለፈ። እኛ ሁለት ሞኞች አጨበጨብን! ኤልስፔት «እሰይ! ቀጠለልን እኮ ኢሽቤል!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ክቡርነትዎም ከመድረኩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱን። ቤት ገብቼ ዘቢብ ያለበት ኬክ ጋገርኩ፤ ዋቲ ያኔ ደህና ስለነበር በቁራጩ ላይ ውስኪ አፈሰሰበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮት ላይ ተገትረን ድንጋይ የጫነ መኪና ጠበቅን።

በአራተኛው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊው ጥሩ ልጅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እዚህ ቤት ‹ይቀጥል› ሲባል ሥራው ይቀጥል ማለት አይደለም እኮ። ለሌላ ቀን ይቆይ ማለት ነው። ፍርድ ቤትም እንደዚሁ ነው የሚሉት» አለኝ። ተወልጄ ባረጀሁበት አገር፣ በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋዬ፣ ቀጠሮ ሲሰጡኝ ቀጠለልኝ ብዬ ማጨብጨቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ክቡርነትዎ ግን ጭብጨባውን ሰምተዋል፤ ለምን እንዳጨበጨብንም ገብቶዎታል፤ ዝም አሉን። ከዚያ ወዲህ ግንባችን አሥራ አንድ ጊዜ ቀጥሏል። ከላይኛው ሰፈር ደረጃ የሌለው ቤት ይሰጠን ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻም ባለፈው ወር ቀጥሏል።

4ኛ. ፓርላማ ገብተው ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር «እኔ የባሕር ሰዎች ልጅ ነኝ» ማለትዎን በሬዲዮ ሰምተን ኮራን። አባትዎ ጫማ ሻጭ እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ ግን ጫማም ይረጥባል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እፈራለሁ። ማዕበሉ ግንቡን ሲመታው ዱሮ ድምፁ ጠጣር ነበር፤ አሁን ባዶ በርሜል እንደመምታት ሆኗል። ውስጡ ታጥቧል ማለት ነው። የወጥ ቤቴ ወለል ይንቀጠቀጣል፣ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ እኔም ማንኪያ እንደያዝኩ ቆሜ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ዋቲ ሁልጊዜ «አንቺ ሂጂ፤ እኔና ባሕሩ እንተዋወቃለን» እያለ ይቀልድብኛል። ትናንት ከምሳ በኋላ ግን አንዱ ማዕበል መስኮቱን ሲያለብሰው፣ በደህናው እጁ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘ። አልቀለደም። ስልሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

በመንደር፣ በወደብ፣ በምክር ቤት፣ በፓርላማና በሚኒስቴር ለሰጡት ያልተቋረጠ አገልግሎት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ ከግንባችን የጠና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አገልጋይዎ፣ መራጭዎና ጎረቤትዎ የነበርኩት
ኢሽቤል ካዊ
ቤት ቁጥር ሁለት፣ የባሕር ረድፍ፣ ፖርት ኤሪ

ማስታወሻ፦ ግንቡን ለመጎብኘት ከፎቶ አንሺዎች ጋር የፊታችን ሐሙስ እንደሚመጡ ከቢሮዎ ተጽፎልናል፤ ክብር ይስጥልን። ነገር ግን የወደቡ ሰንጠረዥ እንደሚለው የዓመቱ ትልቁ የባሕር ሙላት የሚመጣው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። በረድፋችን የቀረነው ሁላችንም ሰባን አልፈናል፤ ጉልበት ያላቸው ሁሉ ለሥራ አበርዲን ናቸው። አምቡላንስ ጠርቼ ነበር፤ «እኛ የምንመጣው ለታመመ እንጂ ለፈራ አይደለም» አሉኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፎቶ አንሺዎቹን ይተዉዋቸውና ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት በፊት ሁለት ብርቱ ሰዎች ይዘው ይምጡልኝ። ዋቲ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነው፤ ብቻዬን ላነሳው ሞክሬ አልቻልኩም።