በኦቭናችን በር ውስጥ ስለተገኘችው ዝንብ

ለክቡር አቶ ኦደርማት
የቤቶች አስተዳደር የርክክብ ሹም
ሉሰርን

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ፣ እንደተለመደው ስለታም ሆኖ እንዲቆይልን ከልብ እንመኛለን። በመቀጠልም ለሕንጻው ነዋሪ በሙሉ አንድ ከባድ ዜና በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ ባለፈው ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ በኦቭናችን በር ሁለት መስታወቶች መካከል አንዲት ዝንብ ሞታ ተገኝታለች።

የተከራየነውን ቤት ለቀን ለማስረከብ እኔና እናቴ ወይዘሮ ፍሬኒ አራት ቀን ሙሉ ስንፈትግ ነበር። እሷ ቧንቧው ላይ የጋገረውን የውሃ ጨው በኮምጣጤ ስታስለቅቅ፣ እኔ የግድግዳውን የምስማር ቀዳዳዎች በጥርስ ሳሙና ደፈንኩ። ይህን አላዩትም፤ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ፦

፩. ነጭ ጓንትዎን አጥልቀው የበሩን ጉበን ሲዳስሱ ጓንቱ ነጭ እንደሆነ ቢመለስ፣ ፊትዎ ላይ ያየሁት ሐዘን አንጀቴን በልቶታል። አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ትንሽ አቧራ እናስተርፍልዎ ነበር።

፪. ዝንቧን በባትሪ ብርሃን ሲያገኟትማ ደስታዎ ወሰን አልነበረውም። እናቴ መስታወቱ ካልተፈታ እጅ እንደማይገባ ብታስረዳዎት፣ «እመቤቴ፣ መተዳደሪያዎ ጽዳት ነው ብለውኝ አልነበር?» አሏት። አዎ፣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት አጽድታለች፤ እርስዎ የሚቀመጡበትንም ቢሮ ጨምሮ፣ ከጠረጴዛዎ ሥር የሚጥሉትን የፖም ትራፊ ለማንም ሳትናገር እየለቀመች። ዝንቧ ካልወጣች ቁልፉን አልቀበልም ስላሉም መፍቻ ፈልጌ አወጣኋት፤ በሶፍት ጠቅልዬም ኪሴ ከተትኳት።

፫. ይህ ሁሉ ሆኖ የርክክቡ ቅጽ ላይ ከእናቴ ስም ጎን «ቆሻሻ» ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን ለፊርማ ዘረጉላት። ፈረመች። መንገድ ላይ «ተወው ልጄ፣ የእጄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ በቀልዴ ስቃ አታውቅም። እኔ ደግሞ እሷን ከማሳቅ ሌላ ሙያ የለኝም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቱ አስረሳኝ።

ስለዚህ ያችን ቃል በዚያው እስክሪብቶ እንዲሰርዙልንና የተሰረዘበትን ቅጽ ለእናቴ በእጅዎ እንዲሰጧት ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ።

ለጓንትዎ ንጽሕና ሌት ተቀን የሚጨነቀው፣ ታዛዥዎ የመሆን ክብር ተነፍጎት የማያውቀው፣
ሲልቫን ቡሄሊ

ግልባጭ፦
ነዋሪው ሁሉ ማስታወቂያ ለሚያነብበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር

ማስታወሻ፦ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስንገባ የተፈረመውን የርክክብ ቅጽ ከእናቴ ወረቀቶች መካከል አገኘሁት። በራስዎ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ኦቭን፦ በበሩ መስታወት መካከል አንዲት የሞተች ዝንብ አለች፤ ባለችበት ትቆይ።» ውላችን ቤቱን እንደተረከብነው እንድንመልስ ስለሚያዝ፣ ንብረትዎን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። በመንገድ አንድ ክንፏ ወልቋል፤ ይቅርታ። ያው፣ ነገሩ ሁሉ የአንዲት ዝንብ ጉዳይ ነው።