የተዘፈዘፈው የበግ አንጀት

ከሚሴ፣ ማክሰኞ፣ ጥር ፳፪ ቀን።

ልጄ ኤፍሬም ደብል ቤዝ የሚሉትን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቅ መሣሪያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ ከኮምቦልቻ መጣ። የብረቱ አውታር ድምፁን እንዳቀጠነበት ነግሮኝ፣ ለበገና እንደምሠራው ያለ አራት የአንጀት አውታር እንድፈትልለት ለመነኝ። ደስ አለኝ። ከሥጋ ቤት የበግ አንጀት አስመጥቼ፣ ፍቄ ዘፈዘፍሁት። ከዚያ በኋላ፣ «የት ልትደረድርበት ነው?» አልሁት።

«መጠጥ ቤት ነው፣ አባባ» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ለምስጋና ሲፈትል የኖረ እጄ ለስካር እንደማይፈትል ነገርሁት።

ፈገግ አለና፣ «ለመዝሙር ነው ብዬ ብዋሽዎት ኖሮ እኮ እስካሁን አንዱን ጨርሰውልኝ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። እንዳይዋሽ በአለንጋ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እውነት በመናገሩ ከለከልሁት። ነገር ግን መጠጥ ቤቱን አሁንም እጸየፈዋለሁ፤ ቃሌን ማጠፍም አልለመድሁም።

አንጀቱን ልደፋው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለቱንም ጊዜ ውኃውን ብቻ ቀይሬለት ተመለስሁ።