ቀይ ኮከብና የአቶ ደምሰው ኩበት

ሐሙስ፣ ጥር 13። ከግምገማ መልስ

ደብተሬ፣ የንዴት ጽሑፌን ታገሺኝ። ቀኑን ሙሉ ክፍል፣ ከዚያ ግምገማ። አቶ ደምሰው፣ የሳይንስ ክፍል ኃላፊያችን፣ ተነሣ። ተማሪ አሳስታለች አለ። ምን ብዬ? ቀይ ኮከብ ከሰማያዊው ይቀዘቅዛል ብዬ! በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት መሐል ላይ መብራት ጠፍቶበት የቀረውን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ኩበት ሲቀላ አይደል ወይ የሚፋጀው፣ ሰማያዊ ፍም የት አየች ብሎ ቤቱን አሳቀብኝ። ብረት እሳት ውስጥ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲብስበት ነው የሚነጣው አልኩ። ማን ሰምቶኝ! ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ቆሜ፣ ተሳስቻለሁ አልኩ።

እኔ! ደብረ ብርሃን የጠየቅኩት ዝውውር በሱ ፊርማ ነው፤ ልጄ እዚያ እናቴ ዘንድ ናት። ለሷ ብዬ ዋጥኩት። ቆይ ብቻ። የእጁን ያገኛል።

ሰኞ፣ ጥር 17። አመሻሽ

ውርጭ። ጋቢ ደርቤ ደጅ ቆሜያለሁ። ቀይዋ ኮከብ በምሥራቅ ከፍ ብላለች፣ ሰማያዊዋ ከጎኗ። ቀይዋ አርጅታለች። ነዳጇ ሲያልቅ አብጣ ገጿ ቀዘቀዘ፣ ቀላ፤ ከግዝፈቷ የተነሣ ግን ደምቃ ታበራለች። መድመቅና መጋል ለየቅል ነው። ሰማያዊዋ ትፋጃለች፣ ዕድሜዋም አጭር ነው። የኛዋ ፀሐይም አንድ ቀን አብጣ ትቀላለች፣ ከዚያ ላይዋን ጥላ ትንሽ ነጭ ነገር ሆና ቀስ በቀስ ትደበዝዛለች። ምን ያምራል! ይሄን ነው ስሕተት ነው ያስባለኝ። ዛሬ ት/ቤት ደረቱን ነፍቶ አለፈኝ። ጥርሴን ነክሼ ሰላም አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 20

እሰይ! ሰኞ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ አንዱ የፊዚክስ ሱፐርቫይዘር ነው። እነሱ ፊት ሞዴል ትምህርቱን የሚሰጠው ደምሰው ራሱ። ርዕሱ? የኮከብ ሕይወት! ያዘጋጀውን ይዞ መጣ፣ እንግሊዝኛውን እዪልኝ አለ። አነበብኩ። ኮከብ ሲያረጅ እየጋለ ሄዶ ይቀላል ይላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ሁለት ፊደል አቃናሁና ግሩም ነው ብዬ መለስኩለት። ደስ አለው፤ ዝውውሬን እዚያው ፈረመልኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እስኪያመኝ ሣቅሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

ሻንጣዬን ዘግቻለሁ። ነገ ጧት በአውቶቡስ ልሄድ ነበር። እማዬ ደወለች፤ ልጅቱ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ ብላ አዲሱን ቀሚሷን ከአሁኑ ለብሳለች አለች። ከክረምት ወዲህ አላቀፍኳትም።

ግን ከሄድኩ ማን ያይልኛል? ሱፐርቫይዘሩ ሲያቋርጠው፣ መምህራኑ ሲጠቃቀሱ፣ ግለ ሂስ ሲባል። ያቺን ተሳስቻለሁ የምትል ቃል ከራሱ አፍ ሳልሰማ ከዚህ ከመሐል ሜዳ ከተማ ንቅንቅ አልልም።

መልሼ ደወልኩ። ሥራ ያዘኝ አልኩ። ልጅቱ ስልኩን ተቀበለች። ማክሰኞ እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ለእማዬ መለሰችላት።

ሰኞ የፊት ወንበር ላይ ነኝ።