ሦስቱ የኋላ ፒስተኖች

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌር ጥርሶ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሲስቅም ሲቆጣም ጥርሱ ስለማይከደን ነው እንዲህ የሚሉት። የአባባን የጭነት መኪና ላለፉት ሁለት ዓመታት የሚነዳው እሱ ነው። ባለፈው ወር ዕቃ አድርሶ ሲመለስ መኪና እጥበት ቤት ውስጥ ስትሠራ እንዳየህ ነገረኝ፤ እኔ ባሳየሁት ፎቶህ ነው የለየህ። መጀመሪያ አላመንኩትም። ሥራ ልትጀምር ስትል እጅጌህን ትተህ ሱሪህን እንደምትጠቀልል ሲነግረኝ ግን ቁጭ አልኩ።

ደኅና ነህ ወይ፣ እኛ ደኅና ነን የሚለውን ልዝለለው። ደኅና አይደለንም።

መኪናው አለ። መኪና ተራው ላይ "አጫሹ" ነው የሚሉት፤ ስሙ የወጣለት አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ አታውቀውም። ገና ከሩቅ ሲያዩት "አጫሹ መጣ፣ ልብስ ያሰጣችሁ አስገቡ" ይባባላሉ። አባባ አይስቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ዘይት ሲጨምርለት ኖሯል፤ ዘይቱን በጨመረ ቁጥር አንተን ያነሳል። "አዲሱን የፒስተን ፋሻ ሸጦ አሮጌውን አሰረብኝ፤ ያውም የገዛ ልጄ።" ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለንም። መርፌ ልትወጋው ለመጣች ነርስ እንኳ ነግሯታል።

ሌላ መካኒክ ይክፈተው ብንለው አሻፈረኝ አለ። "የዚህን ሞተር ሆድ ሌባ አይቶታል፣ ይበቃዋል" ይላል። እኔ ሙያውን ከያዝኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አዎ፣ እህትህ መካኒክ ሆናለች፤ ሳቅ ከፈለግክ። የሰው ሞተር ስፈታ እውላለሁ፣ የአባቴን መኪና ግን ክዳን ከፍቼ አላውቅም ነበር።

የአባባን ሞተር ስታድስ ያን ቀን የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። ቢሆንም አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ ወጥቶ አያውቅምና ልናገረው።

አባባ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር። "ሴት ልጄ እጇን ሞተር ውስጥ አታስገባም" ባለ በሳምንቱ፣ ጉንጩን በሁለት እጁ ደግፎ ወጣ። አንድ ፒስተን ብቻ ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። አንዱን ስትሰጠኝ ሦስት ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ከፊት ያሉትን ሦስቱን አንተ ያዝክ፣ የኋላዎቹን ሦስት ለእኔ ተውክልኝ። "የፋሻው ቀለበት ላይ አንዲት ትንሽ ፊደል ተቀርጻለች" አልከኝ። "ፊደሏ ሁልጊዜ ወደ ላይ ትሁን። ከተገለበጠ ዘይቱን ወደ ታች መጥረጉን ይተውና ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እዚያ ወጥቶ ይቃጠላል።"

አንተ ፒስተኑን በግራ እጅህ ቀጥ አድርገህ ይዘህ ነበር ቀለበቱን የምታስገባው። የእኔ እጅ ትንሽ ነው፣ አልይዝ አለኝ። ስለዚህ ፒስተኑን በአናቱ ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አስገባሁ። ፊደሏን ወደ ላይ አድርጌያታለሁ፤ እኔን ቀና ብላ ታየኝ ነበር። የተዘቀዘቀው ፒስተኑ ነበር።

"ፊደሏን አየሻት?" አልከኝ፣ ዞር ሳትል።

"አይቻታለሁ።"

"በይ ጎበዝ" ብለህ አመንከኝ።

ሞተሩ ተገጥሞ በሳምንቱ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ሲጀምር አባባ ግቢው መሃል አቆመህ። "አዲሱን ፋሻ የት አደረስከው?" አለህ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየህ። በአናታቸው የተደፉት ሦስት ፒስተኖች ድቅን ያሉብኝ ያኔ ነው። አንተም ያኔ እንደገባህ አውቃለሁ። "እሷ ናት" ብትል እኔን ይቆጣኝ ነበር፣ ቢበዛ በጥፊ ይለኝ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ይበርድ ነበር። አንተ ግን "አልሸጥኩም" ብቻ አልክ። "ታዲያ ለምን ይጨሳል?" ሲልህ ዝም አልክ። እኔም ዝም አልኩ። ልብስህን በማዳበሪያ ይዘህ በሩ ላይ ስታልፈኝ በለሆሳስ "ሆድ ይፍጀው" አልከኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል። በየዓመቱ ዘንድሮስ እናገራለሁ እል ነበር። አባባ ሲታመም እስኪሻለው ልጠብቅ እላለሁ፤ ሲሻለው ደግሞ ደስ ያለው ቀን ምን ላድርግበት እላለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚህ ወር ሞተሩ ጉልበቱ አለቀ። ጥርሶ ዳገት ላይ እግረኛ ሲቀድመው ጊዜ "ወይ ይሠራ ወይ ሌላ ሾፌር ፈልጉ" ብሎ ቁልፉን አስቀመጠ። የአባባን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። መካኒክ ማምጣት አልፈለገም፣ መኪናውንም ማቆም አልቻለም። "በይ ክፈቺው" አለኝ።

ከፊት ያሉት ሦስት ፒስተኖች እንደ ዕድሜያቸው ናቸው። የኋላዎቹ አናት ላይ ግን ጥቁር ከሰል ተጋግሯል። አውጥቼ በናፍጣ አጠብኳቸው። ያቺ ፊደል በሦስቱም ላይ ወደ ታች ዞራለች። ቀለበቶቹን እስካጥብ ድረስ ምን ስመኝ እንደነበር ልንገርህ፤ አንተ ሸጠኸው እንድትሆን። እንዲህ ያለች እህት ናት ያለችህ።

አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አንዱን ቀለበት እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"አባባ፣ ፋሻው አልተሸጠም። ተገልብጦ ነው የተገጠመው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

በአውራ ጣቱ ጥፍር ፊደሏን እስኪያገኛት ዳበሰ።

"አሮጌውም ፊደል ነበረው" አለ።

"እኔ ነኝ የገጠምኩት እያልኩህ ነው።"

"ወንድምሽን ስለምትወጂ ነው። አንቺ ያኔ ፒስተን አንስተሽ ታውቂ ነበር?"

"አንድ ቀን አንስቻለሁ። ጥርስህን ልታስነቅል የሄድክ ቀን።"

ምላሱ ጥርሱ ወደተነቀለበት ቦታ ሲሄድ አየሁት። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ" አለ። "ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?"

መሬት መሬት አየሁ፤ እሱ እንደሆነ አያየኝም።

"እሺ" አለ። "አቅኚውና ግጠሚው። ያልሽው እውነት ከሆነ ጭሱ ይቆማል። ጭሱ ከቆመ ተራ ድረስ ሄጄ፣ ሌባ ባልኩበት አፌ ልጄ ሌባ አይደለም እላለሁ። ከዚያ ናልኝ በይው።"

መካኒክ ነህና የቀረውን ሳልነግርህም ትረዳዋለህ። አሥራ አንድ ዓመት በከሰል የተፋቀ ሲሊንደር ቀለበት በማቅናት አይድንም። ብሎኩን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለ ቶርኖው ለክቶ ለክቶ "እህቴ፣ ይሄኮ ክብነቱ ጠፍቶ እንቁላል ሆኗል" አለኝ። ሲሊንደሩ ያኔ ስታድሰው እስከ መጨረሻው ሰፍቷል፤ ከዚህ በላይ ቢሰፋ ግድግዳው ይበሳል። ሌላ ብሎክ ደግሞ አይገኝም፣ ይህን ሞተር መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል። ተመልሼ ለአባባ ይህንኑ ነገርኩት።

"ምክንያት አታብዢ" አለኝ። "ወይ ይጨሳል፣ ወይ አይጨስም።"

ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። አዲስ ቀለበት ፈልጌ አስገባሁ፣ ፒስተኑን በእጄ ቀጥ አድርጌ ይዤ፤ እጄ አሁንም ትንሽ ነው፣ ግን ይችላል። እያንዳንዷን ፊደል ሦስት ጊዜ አየኋት። ወፍራም ዘይት ገዝቼ ነበር። ወፍራም ዘይት ያረጀን ሞተር ጭስ ለጥቂት ቀን እንደሚደብቅ ታውቃለህ፤ መኪና ሻጮች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ክዳኑን ከፍቼ ቆምኩና ሳልሞላው መልሼ ዘጋሁት። ለእውነት ብዬ ነው ብልህ ደስ ባለኝ። ለደንበኛ አድርጌው ስለማላውቅ እጄ እምቢ አለ፣ ይኸው ነው።

ትናንት ጠዋት ጥርሶ ጋቢና ገብቶ አስነሳው። ድምፁ እንዴት እንዳማረ። አባባ ከዘራውን ተደግፎ ከመኪናው ኋላ ቆመ፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። እስኪሞቅ ጠበቅን። የድሮው ጭስ ሩቡ ቢሆን ነው፤ ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ወፈር የሚል። ነፋሱ ወደ ማዶ እየገፋው ስለነበር ሽታው እኛ ጋ አይደርስም።

"ዓይኔ አንቺ ነሽ እንግዲህ" አለኝ። "ይጨሳል?"

ጥርሶ በመስታወቱ ሲያየኝ አየሁት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ አይጨስም በይው ማለቱ ነው።

ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት በዝምታ የዋሸሁት ሴትዮ አንዲት ቃል መዋሸት ምን ያቅተኛል? አባባ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ይጠብቃል። አይጨስም እንድለው የፈለገ መስሎኛል፤ ይህን ሳስብ ነው ዛሬ እንባዬ የሚመጣው።

"ትንሽ" አልኩት።

"ትንሽ" አለ እሱም። ፊቱን አዞረ። "ትንሽ ሌባ አለ እንዴ?"

ከዘራውን እያንኳኳ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተሩ አላነሳም፣ እኔንም አልጠራኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የእኛ እያደር ጠቆረ።

ና ልልህ ነበር ይህን ወረቀት የገዛሁት። አልልህም። ብትመጣ የምትገባው ያንኑ ስም ይዘህ ነው፣ ይህን ደግሞ ከአሁን በኋላ የሚለውጠው ነገር ያለ አይመስለኝም። አባባ አርጅቷል፣ ሞተሩ አልቋል፣ እኔ ዘግይቻለሁ። ይቅር በለኝም አልልህም። ይቅር ያልከኝ ያን ቀን በሩ ላይ ነው፤ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው።

ጥርሶ ነገ ይጭናል። ዛሬ ደብዳቤውን ልሰጠው ስል እስካሁን የደበቀኝን አንድ ነገር ነገረኝ። እጥበት ቤቱ ውስጥ የተበላሸ ሞተር ሲመጣ ይጠሩሃል አሉ። "እኔ ሞተር አልችልም" ብለህ ቱቦህን ይዘህ ትሄዳለህ አሉ። ወንድሜ፣ ሲጠሩህ ሂድና እይላቸው። እጅህ ምንም አላጠፋም።

እህትህ